ሐምሌ በሸክላ

«የበጋ ሙዚቃ» ይሉታል። እኔን ግን ቸገረኝ፤
ሐምሌን በጋ ብሎ መጥራት አፌ ላይ አልሆን አለኝ።
ሐምሌ ማለት ለኔ ጭቃ ነው፣ ቦቲ ጫማ፤
እዚህ ግን አርባ ሰባት ዲግሪ ነው፣ ማናማ፣
የመኪና መሪ በፎጣ ተይዞ የሚነዳበት፣
የበር እጀታ በክርን የሚከፈትበት።

«ዲፕ ሀውስ» ምንድን ነው ብል «ጥልቅ ቤት» አለኝ አንዱ።
ሳቅሁ። ጥልቅ ቤትስ አለኝ፤
ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሁሉ በታች፣
ቀን ቀን አንሶላ የምተኩስበት።
ሐሙስ ማታ ግን ሽቅብ ወጥቼ፣ እዚያው ሆቴል፣
ዘፈን ለዘፈን እድራለሁ፤
ያንዱ ከበሮ ሳይሞት የሌላው ቤዝ ይገባል፤
ሽማግሌ አልተላከ፣ ጥሎሽ አልተቆጠረ፣ ሠርጉ ግን ይሞቃል።

የራሴን የሠራሁት ባለፈው ሐምሌ ነው።
ካልጋዬ በላይ ሌሊቱን በአንድ ድምፅ የሚያጉረመርመው ኤሲ፣
እሱ ነው ቤዙ፤ በስልኬ ቀዳሁት።
በምትና በምት መሀል ጽ... ጽ... የሚለው
የካውያዬ እንፋሎት ነው።
ዲስኮውን ያመጣው አሩና፣ የክፍል ተጋሪዬ፣
ኮሎምቦ ላይ ከሠርግ ሠርግ ኪቦርድ ሲመታ የኖረ፤
ያረጀ ቫዮሊን ከጣቱ ይፈልቅ ነበረ።
ጭብጨባው የዘምዘም ነው።
ጁፌር ጸጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች፤
መዳፏ ቅባት ስለጠገበ ጭብጨባዋም ይረጥባል።
«ዝፈኚ» ብላት፣ «ድምፄን ባሕር ወስዶታል» አለች፣ እንደ ቀልድ።
መቅጃው ሳይጠፋ ስልኳ ጮኸ።
«ቆይ» አለች።

ያቺ «ቆይ» ናት የዘፈኑ ግጥም በሙሉ።
አንድ ቃል ብቻውን ቤት አይመታም፣ አውቃለሁ።
ለስልኩ ትሁን ለኔ፣ «ጠብቅ» ትሁን «አትሂድ»፣
ሰሙን ከወርቁ ሳልለይ
ስድስት ደቂቃ ተኩል አስዞርኳት።

ሊዝበን ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ ሦስት መቶ አድርጎ አተመው፤
አሥሩ ለኔ በካርቶን መጣ።
ሞተረኛው ሱጂት ደወለ፤ ካውያ ላይ ነበርኩ፣ አላነሳሁም፤
ደጃፌ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ በጥንቃቄ አስቀምጦት ሄደ።
ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት።

ሸክላ ብሎ ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘሁት!
ጋንና እንስራ በእሳት ነው የሚጸኑት፤
ይሄ ግን ሙቀት ሲነካው ለዘበ፣ ተንጋደደ፣
ጠርዙ እንደ ባርኔጣ ተነሣ፣ ወገቡ ወረደ።
ዘጠኙን መርፌው ገፋቸው።
ከሥር የነበረው አሥረኛው ትንሽ ነው የጎበጠ።

ሐሙስ ማታ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
እልህ ይሆናል።
በየዙሩ መርፌው ወጣ፣ ወረደ፣
መልሕቅ እንዳልጣለ ጀልባ።
እኩል እኩል የቆጠርኳቸው አራት ምቶች አነከሱ፤
የአሩና ቫዮሊን አቃሰተ፤
ከመደነሻው ነርሶቹ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።
አፈርኩ። ልቆርጠው እጄን ሰደድኩ፣

«ቆ... ኦ... ይ»

አለች፣ ከሸክላው ጉብታ ላይ ተንሳፍፋ፣
ወጥታ፣ ወርዳ፣ ከገዛ እስትንፋሷ ሰፍታ።
ባሕር የወሰደው ድምፅ በማዕበል ተመልሶ መጣ።
እጄ አየር ላይ ቀረ።
አንዷ ነርስ በሚያነክስ እግር ገባች፤ ከዚያ ሌላዋ፤
ከምሰሶው አጠገብ ጺሙን የሚዳብስ አንድ የሙሃረቅ ሰው
ጠረጴዛው ላይ ጣቱን ከጉብታው ጋር ያነሣ ጀመር፣
አያቱ ሲቀዝፉ ያየ ይመስል።

ዘምዘም ከነሥራ ልብሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር።
«እኔ ነኝ?» አለች በከንፈሯ።
«አንቺ ነሽ» አልኩ በአገጬ።

ኋላ፣ ወንበሮቹ ሲገለበጡ፣ ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅኳት፤
«ያን ቀን ማን ነበር የደወለልሽ?»
አሰበች።
«የካርድ ማስታወቂያ» አለች፣ ሳቀች፣ ሊፍቱን ጠራችው።
ሊፍቱ መጣ።
አልገባችም።