ላይኛው አልጋ

አራት ሌሊት ብቻ ዩኒቨርሲቲ አደርሁ፣
ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ከብረት አልጋ ላይ ወጥቼ ተኛሁ።
ለፈተና ነበር፤ በአውቶቡስ ተጭነን፣
ስልካችንን ትተን፣ ሹርባችን ሳይቀር በጣት ተፈትሸን።
በተገላበጥሁ ቁጥር ሲጢጥ ይላል አልጋው፤
ማስተዋል ከታች ሆና፣ «ተኚ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ነገ'ኮ ሒሳብ ነው!»

በመጨረሻው ሌሊት፣ በሣጥን ቁልፍ ጫፍ፣
ቀለሙን ፋቅሁና ስሜን ጻፍሁበት ከራስጌው አፋፍ፤
መስከረም ስመለስ ሌላ እንዳይቀድመኝ፣
«ይኸ የኔ ነው» ስል ማስረጃ እንዲሆነኝ።

መስከረም ጠባ።
ማስተዋል አለፈች።
እኔ ለሬሜዲያል እንኳ ሦስት ነጥብ ጎደለኝ።
እማዬ ስልኩን ደጋግማ አጥፍታ አበራች፣
ጣቢያ እንደጠፋው ሬዲዮ የሚስተካከል መስሏት።

«ቴክኒክና ሙያ ልመዝገብ፤ ብየዳ» አልሁ።
አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ቀበሌ መዝገብ ቤት የሠራ፣
ጣቱን ከቀለም በቀር ጥቁረት ያልነካው፣ በእስክሪብቶው የሚኮራ፣
«ጠይብ» አለ፣ ቃሏን በጥርሱ ጫፍ ይዞ፣
ፍም ከምድጃ እንዳወጣ፣ በጉጠት መዝዞ።
እትዬ ጥሩወርቅም ባጥር ላይ አንገቷን ሰዳ፣
«ሞያስ ከጎረቤት ነበር፤ ምን ያደርጋል ከቀጥቃጭ ጓዳ?»
የአያቴ ማረሻ የወለቃ ሰው ሥራ ነበር፤
አውቄ ዝም አልሁ፤ ምን ብዬ ልናገር።

መምህር አለባቸው «ብርሃኑን አትዪው» አለኝ፤ አየሁት።
ያን ሌሊት ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አደረ፤ ስንት ጊዜ አሸሁት።
እማዬ ድንች ቆራርጣ ሁለቱም ዓይኔ ላይ ደለደለች፣
እስኪነጋ ከጎኔ ነበረች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰች።

እጄ ግን ከኔ ቀድሞ ገባው፤
የእጅን መማር ማን በነጥብ ይለካው?
የቀለጠው ሲረጋ፣ እንደ ጣና ዓሣ ቅርፊት ሲደራረብ፣
መምህር በጥፍሩ ዳስሶ «እህም» አለ፤
ያችን «እህም» እስከ ዛሬ አኑሬያታለሁ ከልብ።

ከበርሁ ግን አልልም።
ኤሌክትሮድ ይወደዳል፣ መብራት ይሄዳል፤
የሰው በር ሠርተን፣ ለክፍያው ደጅ እንጠናለን።

ማስተዋል በጂኦሎጂ ተመረቀች፤ ፎቶዋ ሳሎናቸው ተሰቅሏል፤
ሁለት ክረምት ፒያሳ ማስታወቂያ ስታነብ ውላለች፤ ልምዷን ዜሮ ይሉታል።
አንድ እሑድ ወደ ጎሃ ስንወጣ ጠጠር አንስታ፣
«ይኸ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመቱ ነው፤ እሳት ነበር» አለችኝ፣ መዳፏን ዘርግታ።
እኔ እሳትን የማውቀው በክንዴ ርዝመት ነው፤
አልዋሽም፣ ቀናሁ፤ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጠጠር ማየት እንዴት ያለ ነው?
«ድንጋዩ ግን አይቀጥረኝም» ብላ ሳቀች፤
ወረወረችው።

ሰኔ ላይ፣ አዲስ ተፈታኝ ሳይገባ፣
የማራኪ አልጋ ጥገና ለማኅበራችን ወጣ፤ መቶ ስልሳ ተደራራቢ።
ዘበኛው «ተማሪ ነሽ?» አለኝ። «የለም፣ በያጅ።»
ሹርባዬን ማንም አልነካ፤ አለፍሁ ሽቦዬን እየጎተትሁ በእጅ።

ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አገኘሁት፤
ሦስት ዙር ቀለም ውጦታል፤ በጣቴ ዳስሼ ለየሁት፤
«ይመኙ» ይላል፤ «ሻል» የሚለው ጠፍቷል።
ይመኙሻል ነበርሁ።
እግሩ ተሰንጥቋል፤ በየድሁት። ስሙን አልነካሁም፤
ለሚቀጥለው ተኚ እንዲያው ይሻላል።

እማዬ ለእድርተኛው «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብላ አወራች፤
ሦስት ሳምንት በየጠዋቱ እገባለሁ፤ ምኑን ዋሸች?

ማታ አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ «ስንቱን ጨረስሽ?» አለኝ።
«ሰማንያ ሁለት።»
«መዝግበሻል?» ዝም ስል አየኝ።
ተነሣ። ከሣጥኑ የዱሮ መዝገብ አወጣ፤ በማስመሪያ አሰመረ፦
ተራ ቁጥር፣ ፎቅ፣ አልጋ፣ ጉድለት። በዚያ ውብ ጽሕፈቱ ጀመረ።
ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ አልጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ፤
«የዚህስ ጉድለቱ ምን ነበር?»
«ሲጢጥ ይል ነበር» አልሁት።
ጻፈው።