ጨው ያልነካው ባሕር

ሐኪሟ ሲሃም መነጽሯን አውልቃ፣
«ሙንጂያ፣ ግፊትሽ ጨምሯል፤ ጨዉም ዘይቱም ይብቃ፣»
ስትላት፣ ሚስቴ ግን ከት ብላ ስቃ፣
«አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ አጥማጅ አግብቼ፣
ጨው ያደረቀው ሸሚዝ በእጄ አሽቼ፣
ዛሬ ከጨው ልሽሽ? ወዴት? ቤቴን ትቼ?»
አለቻት።

እኔ ሻዝሊ ደግሞ፣ ጉልበቴ የከዳኝ፣
ጀልባዬን ሸጬ ወንበር የከበደኝ፣
ለገዛ ወጥ ቤቴ እንግዳ የነበርኩኝ፣
በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሽርጧን ታጠቅኩኝ።

ሙንጂያ ወንበር ስባ በር ላይ ተቀመጠች፣
ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቀል አደረገች።
በጀልባዬ ላይ ትእዛዝ የእኔ ነበር፤
እዚህ ግን ጀማሪ ነኝ፣
እንባዬን እየዋጥኩ ሽንኩርት የምመትር።

«ዘይቱን አፍስሰው፣ ምን ታንጠባጥባለህ?»
«ሲሃም ሁለት ማንኪያ ብላለች።»
«እሷን ታገባለህ?»

ነጩን ኩስኩስ ትቼ የገብሱን አወጣሁ፤
ውኃ ረጨሁበት፣ በጣቴ ጫፍ ፈታሁ፣
የተተበተበ መረብ ይመስል፣ በእርጋታ፣
አንዷን ፍሬ ካንዷ፣ ቋጠሮ ሳልመታ።

ከመህዲያ ወደብ፣ ከሎጥፊ ጠረጴዛ፣
በማለዳ ነበር ሄጄ የምገዛ፦
አንድ ደህና ዓሣ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ፣
እፍኝ ሙሉ ሽሪምፕ፣ ቅርፊቱ ያልተነቀለ፣
አንድ ትንሽ ኦክቶፐስ፣ ክንዱን የጠቀለለ፣
እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የመሰለ።

«ራሱን እንዳትጥል! መረቅ ያለ ራስ
መርከብ ያለ መሪ ነው፣ ወደብ የማይደርስ።»

እሺ። ራሱን ከተትሁት፣
ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዱባ ጨመርሁበት፣
ትናንት የዘፈዘፍሁትን ሽምብራ ደባለቅሁት፤
ጨው ግን፣
እጄ ልማዱን ይዞ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ መለስሁት።

ከዚያ የኩስኩሱን ወንፊት ድስቱ ላይ ጫንሁና
ጠበቅሁ።
ገብሱ አልተነፈሰም።
እንፋሎቱ በጎን፣ በመጋጠሚያው በኩል
እያፏጨ ያመልጣል።
«ካፒቴን፣» አለች ሙንጂያ፣ «ጀልባህ ውኃ አስገባ።»

ይኼንንስ ዐውቃለሁ!
ስንት ክረምት ነው፣ ጥጥ በሬንጅ ነክሬ፣
የጀልባን ስንጥቅ የደፈንሁ ጎንብሼ፣ አድሬ።
ከአሮጌ ሸሚዜ አንድ ዘለላ ቀደድሁ፣
በዱቄትና በውኃ አጥብቄ ለወስሁ፣
በድስቱ አንገት ዙሪያ ጠምጥሜ ደፈንሁ።
ፉጨቱ ዝም አለ።
ከዚያ ከገብሱ መሀል፣ ከፍሬዎቹ በላይ፣
ነጭ እስትንፋስ ወጣ፣
ጎሕ ሲቀድ ከባሕር እንደሚነሣው ጉም፣
ሳይቸኩል፣ ወደ ላይ።
ሙንጂያም ዝም አለች።
(በአርባ ዓመት ውስጥ ይኼ ሁለተኛው ጊዜ ነው።)

በአንድ ትሪ ቀረበ። ማንኪያዋን አነሣች።
አኘከች፤ ቆይታ እንደገና አኘከች።
«ዓሣው በልኩ ነው። ኩስኩሱም አልከፋ።
ግን አንድ ነገር አለ፣ ከውስጡ የጠፋ፣»
ብላ እጇን ዘረጋች ወደ ሸክላው ዕቃ፣
ክዳኑን ከፈተች፣ በጣቷ ልትጨልፍ፣ እኔን ተደብቃ።

ከሙን ነው።
ጨዉን ማታ፣ እሷ ስታንኮራፋ፣
በከረጢት ሞልቼ ሰጥቼዋለሁ
ወንበሮች በላይ ለሚኖረው ለወይራ ዘፍዛፊው ጎረቤት።

ቀና ብላ አየችኝ።
ማዕበል የመጣ መስሎኝ የትሪውን ጠርዝ ያዝሁ።
«ሌባ፣» አለች በቀስታ።
ከዚያ ሎሚውን አንሥታ ለሁለት ከፈለች፣
አንዱን በእኔ በኩል፣ አንዱን በራሷ ጨመቀች፣
የዓሣውን ጉንጭ ፈልፍላ፣ የጣፈጠውን ሥጋ፣
ራሷ ልትበላው ስትል ትንሽ አመነታችና
እኔ አፍ ውስጥ ከተተች።

«በሚመጣው ዓርብ እንስላል ግዛና ጨምር፤ ይብዛ።
አሁን ግን ድስቱን እጠበው፣ ሽታው ቤቱን ሳይገዛ።»