ከዚህ ሱቅ ውጭ አያገለግልም

ሽልማቴ ወረቀት ናት፣ ከመታወቂያ የማትሰፋ፣
«ሠላሳ ሺህ ብር» ትላለች በደማቅ ቀለም ተጽፋ፤
ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል፣ የጉንዳን ሰልፍ መስሎ፣
«ከአንማው ኮምፒዩተር ውጭ አያገለግልም» ይላል፤ ያንን ደግሞ ተከትሎ፦
«በጥሬ ገንዘብ አይመነዘርም። ከሰኔ ሠላሳ አያልፍም።»
ዛሬ ሰኔ ሃያ ስምንት ነው። ዝናቡም ለሰው አያዝንም።

ያሸነፍኩባት ፊልም የሁለት ደቂቃ ታንኳ ነበረች፣
«ውሃው ላስቲክ ይመስላል» አሉ ዳኞቹ፤ ቢሆንም ሁለተኛ ወጣች።

ሽምብጥ ነው ቤታችን፤ ከቆርቆሮው ሥር አሮጌ ማሽን አለኝ፣
ሌሊቱን እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ የማያስተኛኝ።
ጣናን እሠራለሁ በእሱ፤ ሞገዱን፣ የደንገል ጫፉን፣
አንዲት ታንኳ ስታዘግም፣ ሻላ ሲሰበስብ ክንፉን።
እስከዚህ ድረስ ደኅና ነው፤ ካርዱ እያቃሰተም ይችለዋል፣
እምቦጩን ስጨምርበት ግን ደረቱን ውጋት ይይዘዋል፤
አንዱ ቅጠል ሁለት፣ ሁለቱ ሺህ፣ ሺሁ መቶ ሺህ ሆኖ ሲሰፋ፣
«ሜሞሪ አልቋል» ይለኛል፤ ጣናም፣ ታንኳም፣ ሻላም ጠፋ።
አባቴ ደንቢያ ዳር፣ እስከ ወገቡ፣ ከሰው ጋር ውሃ ገብቶ
ሲነቅለው የከረመ አረም፣ እኔም ክፍል አገኘሁት መጥቶ።

አንማው ጋ ሦስት ካርድ አለ፣ ከመስታወቱ ኋላ ተደርድሮ፣
ዓለሜ ሦስት ምርጫ ሆነ፣ በኩፖን አጥር ታጥሮ።
አንደኛው ባለ አራት ጊጋ፤ የኔው አሮጌ ታናሽ ወንድም፣
ሣጥኑ ብቻ አዲስ ነው፤ እሱን ገዝቼስ አልቀልድም።
ሁለተኛው ባለ ስምንት። ዝምተኛ። ሁለት ማራገቢያ።
ሦስተኛው ባለ አሥራ ስድስት፤ እሱስ የባለጠጋ መታያ፣
በዋጋው ባጃጅ ይታደሳል፣
ርዝመቱም፣ በክር ለክቼ፣ ከኬሴ በአራት ጣት ያልፋል።
«መጋዝ አለኝ» አለ አንማው። ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም።
የቤታችን መብራት ደግሞ ለዚያ አውሬ ሆድ አይበቃም።

ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ፣ ዓባይ ማዶ፣ ልየው ጋ።
እሱ ያገለገለ አለው፤ አሥራ ሁለት፣ ሙሉ ጊጋ፣
ዋጋውም ከኩፖኔ በታች፤ እጄ ላይ ከበደኝ ሳነሣው፣
ከነሰው አቧራው፣ ከነጠባሳው።
ኩፖኔን ባሳየው ሳቀ፤ «የአንማውን ወረቀት ለአንማው!
በሰው ሠርግ፣ ሳልበላ፣ ለምን ነው ከበሮ የምመታው?»
በሩ ላይ ጌታሰው፦ «ሃያ ሺህ እሰጥሻለሁ፣ በጥሬው፣ አሁኑኑ።»
አሥር ሺህ እዚያች ደፍ ላይ! ሌባ እንኳ አይደፍረው በቀኑ።

ማታ በደብተሬ ጀርባ ብሩን ለጊጋ አካፈልኩት፣
የልየውን ከአንማው፣ የጌታሰውን ከሁለቱ አስተያየሁት፤
ሂሳቡ ልየውን ይላል፣ ወረቀቱ አንማውን ይላል፣
እንዲህ ነው የሰው ሽልማት፤ ይሰጥሻል፣ በር ይመርጥልሻል።
ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ የሚሉት ትዝ አለኝ፤
ብብቴን ነካሁ። አለች። ዝናብ ነክቷታል፣ ግን አለችኝ።

ስሜ ትሁን ነው። ተመልሼ «ባለ ስምንቷ ትሁን» አልኩ፤
ራሴን የሸጥኩ ይመስል፣ ስሜን ከአፌ ሰምቼ ደነገጥኩ።
ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ተረፈ። «ኩፖን መልስ የለውም» አለ፣
ማውስ ፓድ ሰጠኝ በፈንታው፣ በረዶ ተራራ ሥር የባዕድ ሐይቅ የተሳለ፣
አረም የለበት፣ ታንኳ የለበት፣ እንደ ሰሃን የታጠበ።
እሱን ታቅፌ ባጃጅ ገባሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ጠገበ።

ሌሊት ነው። አዲሱ ካርድ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል።
ታንኳዋ መጣች። ሻላውም። ሞገዱ በልኩ ተዘርግቷል።
እምቦጩ ግን ሙሉው አልገባም፤ ስምንቱ ጊጋ ጢም አለ፣
ግማሹን መርጬ አጠፋሁ። ውሃው በአንዴ ጠለለ።
አባቴ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ከኋላዬ ቆሟል ለካ፤
«ስንት ሰው ነቀለው?» አለ።
«ብቻዬን፣ አባ፤ በአንድ ጣት፣ ቁልፍ ስነካ።»
እጁን አየ። መዳፉን፣ ያንን የደንቢያ ውሃ የላጠውን፣
ደግሞ ስክሪኑን፣ ቀረብ ብሎ፣ የጠራውን፣ ባዶ የሆነውን።
ብዙ ቆየ። ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ።
«ሥሩንስ?» አለኝ፤
መልስ ሳይጠብቅ ሄዶ ተጋደመ።