ገና ነው

ኅዳር ሲገባደድ፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ፣
እንደ ልማዳችን ቡድኑ ወጣ ማልዶ።
ዋሴ የወይራ ገናውን ከትከሻው በላይ አነሣ፣
አነሣና ቀረ፤ እጁ መውረዱን ረሳ።
ለማታለል መስሎን ሳቅን፤ እሱ የታወቀ አሳሳች፣
ሩሯ ግን ብቻዋን ተንከባላ ወንዝ ወረደች።
ከዚያ ተቀመጠ። እንደሚቀመጥ ሰው አይደለም፣
ገመዱ እንደ ተፈታ ጭነት። ማንም አልተናገረም።

ለሦስት ሰው በተሠራች ባጃጄ አምስት ሆነን ገባን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደረቱን ስታዳምጥ ዓይኗን ጨፈነች፣
ጨፍና ቆየችና፣ «የልቡ በር አይገጥምም» አለች።
«በልጅነቱ ጉሮሮውን ያመው ነበር? ጉልበቱን ይቆረጥመው ነበር?»
አባቱ ጋሽ መኳንንት ባርኔጣቸውን አወለቁ፣
«እድገት ነው ብለን ነበር» አሉ፤ ወለሉን እያዩ።

እዚህ ከተማ በር ሞልቷል፤
ወንበር በር፣ ተስካሮ በር፣ ቀጭን አሸዋ በር፤
ነገሥታት አሥራ ሁለቱን ሲከፍቱ ሲዘጉ በኖሩበት አገር፣
አንዲት የሥጋ በር፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የማትበልጥ፣
እንዴት መዝጋት ያቅታታል?

«ሩጫ የለም» አለች።
«ዱላ መያዝስ?»
«ለመምታት ከሆነ፣ የለም። መርፌ ግን በየሃያ ስምንት ቀኑ።»
«እስከ መቼ?» አልናት። ካርዱ ላይ መጻፏን ቀጠለች።

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ፤ ተጋጣሚ አንገረቦች።
ፈንታሁን፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ሦስት ገና ዳር ቆሞ ውሃ ያቀበለ፣
«በሱ ፈንታ?» አለ፤ ስሙን እንደ ስድብ ሰምቶ፣ «አልገባም» አለ።
እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለን። የግራውን ክንፍ ለዋሴ ተውነው፣
ማንም እንዳይረግጠው እንደ ታቦት ማደሪያ ጠበቅነው።

ዋሴ መጣ፤ ጋቢውን ደርቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣
ኳ! ሲል የመጀመሪያው ምት፣ ትከሻው በጋቢው ውስጥ ተናወጠ።

የለመደ እጅ ሐዘን አይሰማም፤
ሩሯን ወደ ግራ ይልካታል።
እሷም ሄዳ ሄዳ እሱ ይቆም ከነበረበት ትቆማለች፣
ጌታዋን እንዳጣች ውሻ ለአፍታ ትጠብቃለች።
አንገረቦች ያነሷታል፤ እያፈሩ፣ በእርጋታ።
ሦስት አገቡ። አራት።
በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤
ዋሴ ጌታ አይደለም፤ ተቆጣ።

«ማነው የሞተው?» አለ ከድንጋዩ ተነሥቶ፣
«ሜዳ መሐል ለቅሶ የተቀመጣችሁለት ማነው?
ቦታዬ መቃብር አይደለም፣ ሣር አታብቅሉበት!
ፈንታሁን! ያንን ጀሪካን አስቀምጥ። ግባ።
አንተ ካልገባህ እኔ ልገባ ነው።»

ጋቢውን ማውለቅ ጀመረ።

ፈንታሁን ሮጦ ገባ። ጫማው ሰፊ፣ ዱላው አጭር።
የመጀመሪያዋን ስቶ መሬት መታ፤ አቧራው ተነሣ፤ ሜዳው ሁሉ ሳቀ።
ዋሴ አልሳቀም። «ዝቅ በል! ክርንህን!» ይላል፤
ከዚያ ለመተንፈስ ይቆማል፣
የቀረውን በአገጩ ያሳያል።

ተሸነፍን፤ አምስት ለሁለት። ከሁለቱ አንዷ የገባችው በግራ በኩል ናት፣
ማን እንዳገባት አናወራም፤ ፈንታሁንም አይፎክርባት።

አሁን የመርፌው ቀን ተራ አለን።
ዝርዝሩ ባጃጄ መስታወት ላይ ተለጥፏል፦
ጥር የደርሶ፣ የካቲት የእኔ፣ መጋቢት የፈንታሁን።
ያ የማንንም ዱላ ፈርቶ የማያውቅ ሰው
ወረፋው ሲደርስ እጃችንን ጨምቆ ይይዛል፤
ማንም አይቀልድበትም። ደርሶ አንዴ ቀልዶበታል።

ባጃጅ የማይወጣው የሰፈራችን ዳገት ላይ
ዋሴ ገናውን ገልብጦ ይይዘዋል፤
ቆልማማው መዳፉ ውስጥ፣ ጫፉ ድንጋይ ላይ፣
ምርኩዝ ይሆንለታል።
ወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ስናርፍ ሰው አይጠፋም፦
«ዋሴ፣ ተውከው አሉ ጨዋታውን? አበቃ?»

ዱላውን ያያል። የቀረውን ዳገት ያያል።
ትንፋሹን ይሰበስብና፣
«ገና» ይላል።