ትንፋሽዎ እስኪያልቅ

ማትሱዬ፣ ከሐይቁ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
ግድግዳዋ ስፖንጅ፣ ማሚቶ የማትቀበል።
ሥራዬ ድምፅ መለካት፤
«ትንፋሽዎ እስኪያልቅ ‹አ—› ይበሉ» ማለት።
የምቀዳው ሁሉ ደኅና ጉሮሮ ነው፣
ከዕድሜ በስተቀር ማንም ያልጎበኘው።

ዛሬ ቶኩሄይ መጣ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
እርጥብ ጃንጥላ ይዛ ሺጌኖ ሚስቱ።
ጀልባ ነጂ ነበር፤ በጉም ውስጥ ሲጣራ
ማዶ የታሰረው ውሻ እንኳ የሚፈራ።
ዛሬ ‹አ—› ቢል ግን፣ ቀጥኖ፣ ተንቀጥቅጦ፣
ሽቅብ ሄደ መስመሩ ስክሪኑን አቋርጦ።

እሷ፣ ያኔ ድሮ፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ሊፍት ውስጥ ቆማ፣
«አራተኛ ፎቅ፣ ኪሞኖ» ስትል የምትሰማ፣
እንደ ብርጭቆ ጠርዝ ቅጥን ያለች ዜማ።
ያቺ ዜማ ወርዳ፣ ወርዳ፣ ደረት ገባች፤
‹አ—› ስትል የወንበሬን እግር አንቀጠቀጠች።

«ስልክ ባነሳ» አለች፣ «‹ጌታዬ› ይሉኛል፤
እሱ ያነሳ እንደሆን ‹እሜቴ› ይሉታል።»
ሳቁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሳቅ መለኪያ የለኝ፤
የቱ የማን እንደሆን መለየት ተሳነኝ።

ሲወጡ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። ከሳጥን እንደወጣ ክት፣
ለእንግዳ የሚለበስ ቀጭን ድምፅ ነው ያወጣሁት።
«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።
ድምፄ ጫማውን አውልቆ ተመለሰ ወደ ደረቴ።

«ሴት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» ይላል ባዶው ረድፍ፤
የቱን ነው የምጽፍ?