ትንፍሽ

ማክሰኞ ማታ ነው። ኩሺሮ ወደብ ላይ
ጉሙ ተጋድሟል መርከቡ እስከማይታይ።
ሳርዲን ይታሸግበት በነበረው ቤት
የሣር ምንጣፍ አለ፣ የዓሣ ሽታ ያልለቀቀበት፤
እዚያ ላይ ቆማለች ወይዘሮ ናሚኮ፤
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ አንድ ሳንባ ነው ያላት እኮ!
ሌላውን ሐኪሞች በወጣትነቷ
ቆርጠው አውጥተውታል፤ ጠባሳው አለ በደረቷ።
የምታስተምረው ትግል የትናንት ልደት ነው፣
ቀበቶም፣ ማዕረግም፣ ጩኸትም የሌለው።

«ግፋኝ» አለችኝ። እኔ፣ ብረት በያጁ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሳት ወዳጁ፣
ትከሻዬን አጥብቄ፣ ጥርሴን ነክሼ
ገፋኋት፤ ጉሮሮዬ ላይ ታንቆ ትንፋሼ።
አልሸሸች፣ አልታገለች፣ እጇንም አላነሣች፤
ብቻ… በቀስታ ተነፈሰች።
ከዚያ በጀርባዬ፣ ሽቅብ እያየሁ፣
ራሴን የጣሪያ ዝገት ስቆጥር አገኘሁ።

«በምን ጣልሽኝ?» አልኳት።
«እኔ መቼ ጣልኩህ? ያፈንከው ነው የጣለህ።
ኃይል ክንድ ውስጥ የለም። ከእምብርትህ ሥር ፈልገው፣ ሦስት ጣት ያህል ወርደህ።
ሆድህ ውስጥ ምን አለ? ለምን ትቆልፈዋለህ?»

ሆዴማ…
ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘግቼ የተውኩት
የታናሼ ጀልባ ነው፤ በጥድፊያ የበየድኩት
የቀኝ ጎኗ ስፌት።
ሸርጣን ሊያጠምድ ወጣ በበረዶው ወራት፤
ተመልሶ የመጣው አንድ የጎማ ጓንት።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ለእናቴም፣ ለሚስቱም
ስለዚያ ስፌት ነገር ትንፍሽ አላልኩም።

ሃምሳ አራት ዓመት ኖሬ፣
መተንፈስ ስማር ባጀሁ እንደ ሕፃን ተቆጥሬ፦
ሲያስገቡ እስከ አራት፣ ሲያስወጡ እስከ ስምንት፣
ፖስታ አዳዩ ሙኔኪ የሚያንኮራፋበት።
«ሆድህን አስፋው» ትላለች።
ሆደ ሰፊ ማለት ትዕግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ቦታም ኖሯል፣ ለሞተ ሰው የሚሆን አገር።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ እንደ ወትሮው ገፋኋት፤
ግን ጥርሴን አልነከስኩም፤ ትንፋሼን ለቀቅኩት፣
አብሮትም ስም ወጣ፦
«ኢሶጂ።»

አልወደቅኩም።
እሷም አልወደቀች።
ግንባሬ ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ ቆምን፤
አንዲቷ ሳንባዋ፣ እንደ አሮጌ ወናፍ፣
ስትሞላ ሰማኋት፣ ስትጎድል፣ ስታርፍ።
ምንም አልጠየቀችኝ። ሙኔኪ እንኳ ነቅቶ ነበር።

በማግስቱ የወንድሜን ሚስት ደጅ አንኳኳሁ።
ኮቴዋ ከውስጥ ይሰማኛል፣ ወደ በሩ ሲቀርብ።
እጄ ይንቀጠቀጣል። ቆሜያለሁ፣
ሲያስገቡ እስከ አራት፣
ሲያስወጡ