የዋንዛ ማዕበል

በሰማንያ ሦስት፣ ከአሰብ ስወጣ፣
አንድ ፌስታል ልብስ ነው ከኔ ጋር የመጣ።
ጅማ ይዘንብ ነበር።
«እዚህስ ባሕር የለም?» ብዬ ብጠይቅ ሰው፣
አዌቱን አሳዩኝ፣
ጉልበት የማይደርስ ውኃ፣ ፍየል የሚጥሰው።

ከድልድዩ ማዶ፣ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ፣
ነዚፍ አባ ቡልጉ ዋንዛ ይጠርባል።
ከዝናብ ስጠለል፣ «ያዝልኝ እስቲ» ብሎ
አንዱን ግንድ ሰጠኝ፣ በእግሩ አንከባሎ።
ስሜንም ሳይጠይቅ።
ሸምሲያ ግን ጠየቀች፣ ሙዝ ከሁለት ገምሳ፤
መልሴን ሳትጠብቅም «ይኸው» አለች፣ «ምሳ»።

ሰነበትኩ። አንድ ቀን፣ ሞረዱን አኑሮ፣
«ባሕር ምን ይመስላል?» አለኝ አቀርቅሮ።
ምን ልበል?
እጄን አወዛወዝኩ፣
ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ… ሲሄድ፣ ሲመለስ፣
ከንፈሬን ጨው ጨው እስኪለኝ ድረስ።
ዝም አለ። መሮውን አነሣ።
በሦስተኛው ቀን የበርጩማው እግር
እንደ ውኃ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ ነበር።

ሐሙስ ገበያ ላይ፣
ገዢ አገላበጠው፣ «ጠማማ ነው» አለ፤
ቀጥ ያለውን ገዝቶ መንገዱን ቀጠለ።

ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ አልተሸጠም ከቶ፤
ዝናብ ያባረረው ሰው በመጣ ቁጥር ገብቶ
ነዚፍ ያስቀምጠዋል፤
«ቀስ ብለህ» ይለዋል፣
«ባሕር ነው፤ ያናውጣል።»